ላቴክ ምስሉን አልቀበልም ሲል

የሰነድ ማሰናጃው ፕሮግራም ላቴክ አንድን ምስል አልቀበልም ሲል አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው የፋይሉን ስም መለወጥ ነው። ነጥብ ዌብፒ የነበረውን ነጥብ ፒኤንጂ ይለዋል፤ እሱም እምቢ ካለ ነጥብ ጄፒጂ ያደርገዋል። እንጀራዬ የሌሎችን የመመረቂያ ጽሑፍ በላቴክ ማሰናዳት ስለሆነ፣ ግንቦትና ሰኔ በደረሱ ቁጥር እንዲህ ስማቸው የተገለባበጠ ምስሎች በፍላሽ ተጭነው ይመጡልኛል። ስም መለወጥ ፋይሉን አይለውጠውም። ይባስ ብሎ ምስሉ ከየት እንደመጣ የሚጠቁመውን ፍንጭ ያጠፋል።

ስለዚህ ከማንኛውም መፍትሔ በፊት ሁለት ነገር አጣሩ። ሰነዳችሁን የሚያስኬደው ሞተር፣ ማለትም የጻፋችሁትን ወደ ገጽ የሚለውጠው ፕሮግራም፣ የትኛው ነው? ፋይሉስ፣ ስሙ የፈለገውን ቢል፣ ውስጡ ምንድን ነው? እነዚህን ሳያውቁ ፓኬጅ (የላቴክ ተጨማሪ ክፍል) መጨመርና መቀነስ ትርፉ ድካም ነው።

ሞተሩ የትኛው ነው?

ዶናልድ ክኑዝ ቴክን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲሠራው ሐሳቡ ያረፈው ፊደልና ሒሳብ ላይ ነበር። ቴክ ዛሬም በራሱ ሥዕል አያይም፤ የሚፈልገው ስፋትና ቁመት ብቻ ነው። በዚያ ልክ ገጹ ላይ ባዶ ሳጥን ያስቀምጥና መሙላቱን ለሌላ ፕሮግራም ይተወዋል። ሌስሊ ላምፖርት በ1980ዎቹ በቴክ ላይ የገነባው ላቴክም ይህንኑ ጠባይ ወርሷል። የትኛው የምስል ዓይነት እንደሚያልፍና የትኛው እንደሚመለስ የሚወስነው እንግዲህ ሳጥኑን የሚሞላው ፕሮግራም ነው።

የድሮው መንገድ መጀመሪያ ዲቪአይ የሚባል መሸጋገሪያ ፋይል ያወጣል፤ ከዚያ ዲቪአይፒኤስ የሚባለው ፕሮግራም ፖስትስክሪፕት ወደሚባለው የኅትመት ቋንቋ ይለውጠዋል። በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ምስሉን የፖስትስክሪፕት ዓይነት በሆነው በኢፒኤስ ማዘጋጀት አለበት። በቀጥታ ፒዲኤፍ የሚያወጣው ፒዲኤፍላቴክ ፒዲኤፍ፣ ፒኤንጂና ጄፔግ ይቀበላል። ኢፒኤስን በቀጥታ አይወስድም፤ ሆኖም ከ2010ሩ የቴክ ላይቭ (የቴክ ፕሮግራሞች ስብስብ) ስሪት ወዲህ በስተጀርባ ራሱ ወደ ፒዲኤፍ ይለውጥላችኋል። ፎልደሩ ውስጥ ስሙ መጨረሻ ላይ «ኢፒኤስ ኮንቨርትድ ቱ» የሚል የተጨመረበት፣ እናንተ ያልፈጠራችሁት ፒዲኤፍ ካያችሁ የዚህ ሥራ ነው። በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት ዚላቴክም ፒዲኤፍ፣ ፒኤንጂና ጄፔግ ይቀበላል፤ ፖስትስክሪፕትን የሚያነበው ጎስትስክሪፕት ኮምፒውተሩ ላይ ካለ ኢፒኤስንም ያስተናግዳል። ኤስቪጂን፣ ዌብፒን፣ ጂፍን፣ ቲፍንና የአይፎኑን ኤችኢአይሲ ግን ከእነዚህ አንዱም እንዳለ አይወስድም።

የምትሠሩበትን ሞተር ለማወቅ ላቴክ ሥራውን የሚመዘግብበትን የሎግ ፋይል ክፈቱ። የመጀመሪያው መስመር ላይ ሞተሩ ስሙን ይናገራል፤ ነገር ግን በዚያ ብቻ አትርኩ። ዛሬ የድሮውን ላቴክ የሚያስኬደውም ራሱ ፒዲኤፍቴክ ስለሆነ የመጀመሪያው መስመር ሁለቱን አንድ ያስመስላቸዋል። ወደ መጨረሻው ውረዱና የወጣው ፋይል ዲቪአይ ነው ወይስ ፒዲኤፍ የሚለውን እዩ። መሀል ላይ ደግሞ ቅጥያቸው (ከነጥብ በኋላ ያለው የስም ክፍል) ዴፍ ከሆኑ ስሞች መካከል ፒዲኤፍቴክ፣ ዲቪአይፒኤስ ወይም ዚቴክ የሚለውን ፈልጉ። ምስሉን የሚያስገባው ድራይቨር እሱ ነው።

እኔን ከሁሉ የሚያናድደኝ ችግር እዚሁ ጋር ተደብቆ ይገኛል። የመመረቂያ ጽሑፍ ቅጽ ከተመራቂ ወደ ተመራቂ ሲወራረስ ይኖራል፤ መጀመሪያ ማን እንደጻፈው የሚያውቅ የለም። በመግቢያው ላይ ምስል የሚያስገባው ግራፊክስኤክስ የሚባለው ፓኬጅ ሲጠራ በባለ ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ «ዲቪአይፒኤስ» የሚል አማራጭ ተጽፎበታል። ያንን የጻፈው ሰው በዘመኑ ልክ ነበር። ዛሬ ቅጹን በፒዲኤፍላቴክ የሚያስኬደው ተማሪ ግን ጤነኛ የሆነ ፒኤንጂ ይዞ «የምስሉን መጠን ማወቅ አልተቻለም፤ ባውንዲንግ ቦክስ የለም» የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት ይደርሰዋል። ባውንዲንግ ቦክስ የሥዕሉን ዳር ልክ የሚናገር መስመር ነው። ምስሉን ደጋግሞ ይቀይራል፣ ፎቶውን ዳግመኛ ያነሣል፣ ላፕቶፕ ይዋሳል። መድኃኒቱ ያንን አንድ ቃል ከቅንፉ ጋር መደምሰስ ነው። ግራፊክስኤክስ የሚሠራበትን ሞተር ራሱ ያውቃል፤ ማንም ሊነግረው አይገባም።

ችግሩ ከምስሉ ነው ወይስ ከአደረጃጀታችሁ የሚለውን በአንድ ሙከራ መለየት ይቻላል። ኤምደብሊውኢ የሚባለው ፓኬጅ ለመሞከሪያ የሚሆኑ ምስሎች ይዞ ይመጣል፤ በሙሉው የቴክ ላይቭ ስርጭትም ሆነ ላቴክን በድረ ገጽ በሚያስኬደው በኦቨርሊፍ ላይ አሉ። የራሳችሁን ምስል ስም አውጥታችሁ በቦታው «ኤግዛምፕል ኢሜጅ ኤ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በቃላቱ መካከል ጭረት አድርጋችሁ፣ ያለ ቅጥያ ጻፉ። የመሞከሪያው ምስል ከታየ አደረጃጀቱ ደህና ነው፤ ጥፋቱ የፋይላችሁ ነው። ካልታየ ምስላችሁን ተዉትና ሞተሩን መርምሩ።

ውስጡን ማየት

«ጋሼ፣ ስልኬ ላይ እኮ ይከፈታል!» ይሉኛል። ይከፈታል። ስልክም ሆነ አሳሽ የፋይሉን ስም ሳይሆን የመጀመሪያዎቹን ባይቶች አይቶ ዓይነቱን ስለሚለይ፣ በሐሰት ስም የመጣውንም ያሳያል። ላቴክ ግን መጀመሪያ ቅጥያውን ያነባል።

አንዲት የጂኦሎጂ ተማሪ ያመጣችውን የአለት ፎቶ ልንገራችሁ። ስሙ በነጥብ ፒኤንጂ ያልቃል። ፒዲኤፍላቴክ ሊብፒኤንጂ የሚባለውን የፒኤንጂ አንባቢ ስም ጠርቶ፣ ማንበብ አልቻልኩም ብሎ ቆመ። ፋይሉን በኖትፓድ ከፈትነው። የተዘበራረቀ ምልክት ገጹን ሞላው፤ መጀመሪያው ላይ ግን በግልጽ የሚነበቡ አራት የላቲን ፊደላት አሉ፦ አር፣ አይ፣ ኤፍ፣ ኤፍ። ጥቂት ምልክቶች አለፍ ብሎ ደግሞ ዌብፒ የሚል ስም በትልልቅ ፊደል። ከድረ ገጽ ላይ የወረደ ዌብፒ ነበር፤ ስሙ በኋላ የተሰጠው ነው። ጊምፕ በሚባለው የምስል ማስተካከያ ፕሮግራም ከፍታ «ኤክስፖርት» በሚለው ወደ እውነተኛ ፒኤንጂ ስትለውጠው ያለ ምንም ቅሬታ ገባ።

ሌሎቹም እንዲሁ በግንባራቸው ይታወቃሉ። እውነተኛ ፒኤንጂ ከአንድ እንግዳ ምልክት ቀጥሎ የራሱን ስም ሦስት ፊደላት ይይዛል። ጄፔግ ከሆነ መጀመሪያው አካባቢ ጄኤፍአይኤፍ ወይም ኤግዚፍ የሚል ብዙ ጊዜ ይታያል። ፒዲኤፍ በፐርሰንት ምልክትና በስሙ ይጀምራል፤ የስሪቱ ቁጥርም ይከተላል። ኢፒኤስ በፐርሰንትና በቃለ አጋኖ ምልክት ይጀምርና ፒኤስ አዶቢ ይላል። ጂፍ በስሙና በ87 ወይም በ89 ቁጥር፣ ኤስቪጂ ደግሞ እንደ ድረ ገጽ ኮድ በማዕዘናዊ ምልክት የሚጀምር ተራ ጽሑፍ ነው። ኤችቲኤምኤል የሚል ቃል መጀመሪያው ላይ ካያችሁ ያወረዳችሁት ምስሉን ሳይሆን ምስሉ ያለበትን ገጽ ነው፤ ይህም ከምታስቡት በላይ ያጋጥማል። አይታችሁ ስትጨርሱ ኖትፓድን «ሴቭ» ሳትሉ ዝጉት፤ ካለበለዚያ ፋይሉን ያበላሸዋል። ሊኑክስና ማክ ያላችሁ በተርሚናል ላይ «ፋይል» የምትባለውን ትዕዛዝ ከፋይሉ ስም ጋር ጻፉ፤ ዓይነቱን በአንድ መስመር ትነግራችኋለች።

እዚህ ላይ ሰውን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ጄፔጉን ፒኤንጂ ብላችሁ ብትሰይሙት ፒዲኤፍቴክ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ይቀበላችኋል። ቅጥያው ከሚያውቃቸው አንዱ ከሆነ በኋላ የፋይሉን ግንባር ስለሚያይ፣ ጄፔግ መሆኑን ለይቶ እንደ ጄፔግ ያስገባዋል። «ስሙን ስቀይረው ሠራልኝ» የሚለው ወሬ ከዚህ ይመስለኛል የተነሣው። ከዌብፒ ጋር ግን አይሠራም፤ ዌብፒን ከነጭራሹ አያውቀውም።

የዊንዶውስ ተጠቃሚዎች ደግሞ የፋይል ቅጥያዎች እንዲታዩ ከፋይል ማሰሻው «ቪው» ከሚለው ላይ አብሩ። ዊንዶውስ ሲገዛ ቅጥያ ይደብቃል፤ በዚህም የተነሣ ስሙ በነጥብ ፒኤንጂ የሚያልቅ የሚመስለው ፋይል ኋላው ላይ የተደበቀ ነጥብ ጄፒጂ ይዞ ይገኛል።

መልእክቶቹ ምን ማለታቸው ነው?

የባውንዲንግ ቦክሱን መልእክት አይተናል፤ በዲቪአይ መንገድ ላይ ፒኤንጂ ወይም ጄፔግ ስታስገቡ ይመጣል። «የማላውቀው ቅጥያ» የሚለው መልእክት በበኩሉ እውነቱን ነው የሚናገረው፤ ኤስቪጂ ወይም ቲፍ አምጥታችኋል፣ መለወጥ አለባችሁ።

«ፋይሉ አልተገኘም» የሚለው ከዓይነት ጋር ሳይሆን ከስም ጋር የተያያዘ ነው። ዊንዶውስ ላይ ትልቅና ትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል አይለያይም፤ ኦቨርሊፍ የሚሠራው በሊኑክስ ስለሆነ ይለያያል። ቤት የሠራው ሰነድ ኦቨርሊፍ ላይ ሲወድቅ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው። ከዊንዶውስ የተገለበጠ ወደ ኋላ ያዘነበለ የመንገድ ምልክትም ያስቸግራል፤ ወደ ፊት ያዘነበለውን ተጠቀሙ። ከጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡት የላቴክ ስሪቶች ክፍት ቦታና የአማርኛ ፊደል ያለበትን ስም ከቀድሞው በተሻለ ያስተናግዳሉ። እኔ ግን አሁንም ለምስል ፋይል ትንንሽ የላቲን ፊደልና ቁጥር ብቻ እንዲሰጠው አስገድዳለሁ፤ ሰነዱ ነገ የማን ኮምፒውተር ላይ እንደሚሄድ አይታወቅምና።

ምስሉ ቦታው ላይ ስሙ የተጻፈበት ባዶ ሳጥን ብቻ ከታየ የሰነዱ ዓይነት በሚታወጅበት መስመር ላይ «ድራፍት» የሚል አማራጭ ፈልጉ። ኦቨርሊፍም ፈጣን የሚባል የማስኬጃ ምርጫ አለው፤ እሱም ይህንኑ ያደርጋል።

«መጠኑ ከልክ በላይ ነው» የሚለው አስቂኙ ነው። ቴክ ሊቆጥረው የሚችለው ትልቁ ርዝመት 5.75 ሜትር ገደማ ነው። አንዳንድ ስካነርና የላቦራቶሪ ካሜራ ምስሉ ላይ የነጥብ ጥግግቱን በስህተት በአንድ ኢንች 1 ብለው ይጽፉበታል፤ 3000 ፒክስል ስፋት ያለው ምስል 76 ሜትር ሆነ ማለት ነው። በጊምፕ «ፕሪንት ሳይዝ» ከሚለው ላይ 300 አድርጉትና እንደገና አውጡት።

የምትጨምሩት ፒዲኤፍ ስሪቱ ከሰነዱ ስሪት ከፍ ያለ ነው የሚለው ማስጠንቀቂያ ብቻ ነው፤ ሥዕሉ በትክክል ከታየ እለፉት።

መለወጥ፦ ከምን ወደ ምን?

ግራፍ፣ ንድፍ፣ ካርታ የመሰለ በመስመር የተሠራ ነገር ሁሉ ፒዲኤፍ ይሁን፤ አንባቢ የፈለገውን ያህል ቢያቀርበው አይደበዝዝም። የስክሪን ቅጂ ፒኤንጂ፣ በካሜራ የተነሣ ፎቶ ጄፔግ። ግራፍን በጄፔግ የሚያመጣልኝ ሰው ሁሌም ይመለሳል። ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ቁራጮች ከፋፍሎ ስለሚጨምቅ፣ በቀጭን መስመርና በፊደል ዙሪያ እንደ አቧራ ያለ ነገር ይተዋል። ያንን ጄፔግ በኋላ ወደ ፒዲኤፍ መለወጥም አቧራውን በፒዲኤፍ መጠቅለል እንጂ ማጽዳት አይደለም። ወደ አር ወይም ወደ ፓይተን ኮዱ ተመልሳችሁ ግራፉን እንደገና አውጡ።

ኢፒኤስን ለመለወጥ ከቴክ ላይቭ ጋር የሚመጣውን «ኢፒኤስ ቱ ፒዲኤፍ» ትዕዛዝ ተጠቀሙ። ኢሜጅማጂክ በሚባለው የምስል መለወጫ አትሞክሩት፤ መስመሩን ሁሉ ወደ ፒክስል ይቀይርባችኋል፣ የሚወጣው ፒዲኤፍ የስም ፒዲኤፍ ነው። ከለወጣችሁ በኋላ ሥዕሉ ትንሽ ሆኖ በትልቅ ነጭ ባዶ ውስጥ ከተቀመጠ፣ የኢፒኤሱን ፋይል በኖትፓድ ከፍታችሁ ባውንዲንግ ቦክስ የሚለውን መስመር አንብቡ። «0 0 595 842» ካለ ያወጣው ፕሮግራም የሥዕሉን ሳይሆን የሙሉውን የኤ4 ወረቀት ልክ ነው የጻፈበት፤ ቁጥሮቹ የኢንች 72ኛ ክፍል ናቸው። ከኤክሴልና ከፓወርፖይንት በፒዲኤፍ የሚወጡ ሥዕሎችም ይህ ጠባይ አላቸው። ፒዲኤፍክሮፕ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም ባዶውን በአንድ ትዕዛዝ ይከረክመዋል።

ኤስቪጂን በሥዕል ፕሮግራሙ በኢንክስኬፕ ከፍታችሁ በፒዲኤፍ አስቀምጡ። ኤስቪጂን ከላቴክ ውስጥ ሆኖ በቀጥታ የሚጠራ ፓኬጅ አለ፤ ነገር ግን ኢንክስኬፕን ከጀርባ ለማስነሣት ላቴክ ሌላ ፕሮግራም እንዲያዝ ሙሉ ፈቃድ መስጠት ያስፈልጋል። ከሰው ለተቀበልኩት ሰነድ ያንን ፈቃድ አልሰጥም። አንድ ጊዜ በእጅ ለውጦ ፒዲኤፉን ፎልደሩ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። የአይፎን ተጠቃሚዎች ከካሜራው ቅንብር፣ «ፎርማትስ» ከሚለው ላይ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ብትመርጡ ከዚያ በኋላ የምታነሡት ፎቶ በጄፔግ ይቀመጣል።

ቴሌግራምን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ተማሪውና አማካሪው ምስል የሚለዋወጡት በእሱ ነው። ምስሉን እንደ ፎቶ ከላካችሁት ቴሌግራም ያሳንሰዋል፣ በጄፔግም እንደገና ይጨምቀዋል፤ በፒኤንጂ የወጣ ግራፍ በጄፔግ ይደርሳል። እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደነበረ ይደርሳል።

የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ሥዕል

በዚላቴክ የተሠራ ሰነድ ውስጥ አማርኛው ሁሉ አምሮ፣ ግራፉ ላይ ያለው ብቻ ባዶ ሣጥን ሣጥን ሆኖ ይወጣል። ይህ የላቴክ ጥፋት አይደለም፤ ፋይሉ ሲወለድ ጀምሮ ነው የተበላሸው። የፓይተኑ የግራፍ መሣሪያ ማትፕሎትሊብ ካልነገሩት በስተቀር የሚጠቀምበት ፎንት ደጃቩ ሳንስ የኢትዮጵያ ፊደል የለውም። ግራፉን ከመሳላችሁ በፊት የፎንት ቤተሰቡን ወደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም ወደ አቢሲኒካ ለውጡ። አር ላይ ደግሞ «ፒዲኤፍ» በሚለው ትዕዛዝ ስታስቀምጡ በአማርኛው ምትክ ነጥብ ነጥብ ይወጣል፤ «ካይሮ ፒዲኤፍ» የሚለውን ተጠቀሙ።

ካርታ የምትሠሩ ሰዎች፣ ኪውጂአይኤስ በፒዲኤፍ ሲያወጣ ጽሑፉን እንደ ጽሑፍ ወይስ እንደ መስመር ላስቀምጠው ብሎ ይጠይቃል። እንደ መስመር የሚለውን ምረጡ። የጣና ዙሪያ የቦታ ስሞች ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይም ሳይበላሹ ይታያሉ፤ ኪሳራው በካርታው ላይ ያለውን ስም መፈለግና መገልበጥ አለመቻሉ ነው። ኢንክስኬፕም ፒዲኤፍ ሲያወጣ ይኸው ምርጫ አለው።

ገባ፣ ግን አላማረም

ስፋቱን ሳትወስኑ ምስል አታስገቡ። ላቴክ ምንም ካልተባለ መጠኑን የሚያሰላው ፋይሉ ላይ ከተጻፈው የነጥብ ጥግግት ነው፤ ያው 3000 ፒክስል በ72 ሲሰላ ከ1 ሜትር በላይ፣ በ300 ሲሰላ 25.4 ሴንቲሜትር ይሆናል። ስፋቱን ከጽሑፉ ስፋት ጋር አያይዛችሁ፣ ለምሳሌ የጽሑፉን ስፋት 0.8 ብላችሁ ስጡት። 15 ሴንቲሜትር ስፋት ላለው ገጽ በ300 ጥግግት ለማተም 1770 ፒክስል ገደማ ያስፈልጋል። 1366 ፒክስል ስፋት ያለው የላፕቶፕ ስክሪን ሙሉ ቅጂ በዚያው ስፋት 231 ይደርሳል፤ እሱ ያስኬዳል። ከዚያ ላይ ሩቡን ቆርጦ መልሶ ማስፋት ግን ያስቀጣል።

በስልክ የተነሣ ፎቶ ተጋድሞ ከገባ፣ ስልኩ ፎቶውን ሳያዞር «ይህ ወደ ጎን ነው» የሚል ማስታወሻ ብቻ ጽፎበት ነው፤ ፒዲኤፍላቴክ ማስታወሻውን አያነብም። በጊምፕ ስትከፍቱት ላዙረው ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል፤ እሺ በሉትና እንደገና አውጡት።

ጽሑፋችሁን የምርምር ጽሑፎች ወደሚቀመጡበት ድረ ገጽ ወደ አርካይቭ የምትልኩ ከሆነ ደግሞ በፒዲኤፍላቴክ የተሠራ ሰነድ ውስጥ ኢፒኤስ አትተዉ። እዚያ ኢፒኤሱን በጉዞ ላይ የሚለውጥላችሁ የለም፤ ሁሉንም አስቀድማችሁ ወደ ፒዲኤፍ ለውጣችሁ፣ ሰነዱ ውስጥም ቅጥያውን አስተካክላችሁ ነው የምትጭኑት። ቀደም ሲል በራሱ የተፈጠረውን «ኮንቨርትድ» የሚል ስም ያለውን ፒዲኤፍ አጭር ስም ሰጥታችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፤ እሱ እውነተኛ ፒዲኤፍ ስለሆነ ስሙን መለወጥ አይጎዳውም።